አራቱም ጎማ እስኪጎትት

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ዝናቡ ዛሬ ለየለት። ወደ ላይኛው ጤና ጣቢያ ልወጣ በጠዋት ተነሳሁ፤ ወንዙን እንደምንም ተሻገርኩና ሳሙናው ዳገት ላይ ቀረሁ። ይህን ስም ያወጣለት ሰው አፉ ይባረክ፣ አልተሳሳተም። ቀይ ጭቃ ነው፤ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲረጥብ ሳሙና። የኋላ ጎማዎቼ በቆሙበት እየተሽከረከሩ ጉድጓድ ቆፈሩ። የፊቶቹ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ጎረቤት ቆመው አዩ። ይቺን ፒካፕ ስገዛት በሁለት ጎማ ብቻ እንደምትጎትት አውቅ ነበር። ከተማ ውስጥ በርና መስኮት፣ ፍሪጅና የውሃ ታንከር ለማመላለስ አራት ጎማ ቢጎትት ምን ይጠቅመኛል ብዬ ነው። አዋላጅ ሚስቴ ተራራ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ትመደባለች ብዬ መች አሰብኩ።

የጤና ጣቢያው ሹፌር በነጯ መኪናው ከኋላዬ መጥቶ በገመድ ወደ ታች ጎትቶ አወጣኝ። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና የያዘ ሰው ደግ መሆን አይከብደውም። "ና ግባ፣ ጋቢና ቦታ አለ፤ አይተሃት ከሰዓት እመልስሃለሁ" አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። እኔ ሚስቴን ለማየት የሰው ጋቢና አልለምንም። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ታክሲ አሳፍሬያት አላውቅም። ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ አወርዳታለሁ፤ ሥራ ስትጨርስ በሩ ላይ ነኝ። ተረኛ ሆና ስታድር እዚያው መኪናው ውስጥ ያደርኩበት ጊዜ አለ። አዋላጅ ጓደኞቿ "ዘበኛሽ መጣ" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ይቀልዱ። የእነሱ ባሎች የት እንደነበሩ አልጠይቃቸውም።

ይዤላት የነበረውን ብርድ ልብስ ሹፌሩ ላድርስልህ ቢለኝ አልሰጠሁትም። ራሴ አደርሰዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ቀስ በል ጋ ሄድኩ። ስሙ ይህ አይደለም፤ ግን ምንም ብትለው "ቀስ በል" ስለሚል የወለደችው እናቱ እንኳን ያወጣችለትን ስም ሳትረሳው አልቀረችም። መካኒክ ነው፣ አብሮ አደጌ። መኪናዋን በክሪክ አንስተን ሁለታችንም ከሥሯ ተጋደምን።

"አራቱም ጎማ እንዲጎትት ማድረግ ይቻላል ወይስ አይቻልም?" አልኩት።

"ይቻላል፣ ቀስ በል እንጂ። የፊት ጎማዎቹን የሚያዞር አክስል ከነዲፈረንሻሉ ትፈልጋለህ። ከካምቢዮው ጀርባ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል ሳጥን ትፈልጋለህ። ዘንጎች አሉ። ክብደቱን የሚሸከም የፊት ባሌስትራ አለ። ብየዳ አለ። ከዚያ ደግሞ ፍሬኑና መሪው..."

"በርካሽ ነው ያልኩህ።"

"በርካሽ ከሆነማ የሹፌሩ ጋቢና አለልህ" ብሎ ሳቀ።

ስለዚያ ጋቢና ያልሰማ ሰው የለም ማለት ነው። ለወሬ ሲሆን ሳሙናው ዳገትም አያግድም።

እሁድ፣ ሰኔ 15

ደወለች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ እሁድ እሁድ ጉብታው ላይ ወጥታ ነው የምትደውልልኝ።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" አልኳት። "መኪናዋን አራቱም ጎማ የሚጎትት ላደርጋት ነው። ከዚያ በኋላ ክረምት የለ በጋ የለ፣ በየሳምንቱ ታይኛለሽ።"

የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ" አለች። "ምን አስቸኮለህ? ክረምቱ ያልፋል እኮ።"

"እስኪያልፍ ብቻሽን?"

"ብቻዬን አይደለሁም፣ ሰው አለ።"

"ማን ሰው?"

"ሰው ነዋ። ወላዶች፣ ነርሶች፣ ጎረቤት። በቃ በረደኝ፣ ልውረድ።"

ወጪው አሳስቧት ነው። ሁሌም እንዲህ ናት፤ ለራሷ የሚደረግ ነገር ሲሆን ይቅር ማለት ትወዳለች። በረደኝ ማለቷ ነው ሆዴን የበላው። ብርድ ልብሱን ቶሎ ማድረስ አለብኝ።

አርብ፣ ሰኔ 20

የአሮጌ ብረት ሻጩ ግቢ ዋልኩ። ዘይትና ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት። ለእኔዋ መኪና እህት የምትሆን፣ ግን አራቱም የሚጎትት፣ ገደል ገብታ ጣሪያዋ ከወንበሯ የተጣበቀ ፒካፕ አገኘሁ። ከላይ ያለቀላት ናት፤ ከታች ግን የፊት አክስሏ ደህና ነው። ስፈታታ የግቢው ባለቤት ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ይዘው ከበላዬ ቆሙ።

"ልጄ፣ የፊቱን ከወሰድክ የኋላውንም አብረህ ውሰድ። አብረው የኖሩ ናቸው።"

"የኋላ አለኝ አባባ። የራሷ የኋላ አላት።"

"ያንተው የኋላ ከዚህ ፊት ጋር መስማማቱን በምን አወቅክ?"

"የሠራቸው አንድ ፋብሪካ ነው።"

"እኔንና ወንድሜንም የወለደችን አንዲት እናት ናት። ሠላሳ ዓመት አልተነጋገርንም" ብለው ሄዱ።

ዕቃ ሊሸጥ የፈለገ ሰው የማይቆፍረው ምሳሌ የለም። የፊቱን አክስል፣ አከፋፋዩን ሳጥንና ዘንጎቹን ብቻ ወሰድኩ። የኋላውን ጥዬላቸው መጣሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

የመኝታ ቤቱን ቁም ሳጥን ሸጥኩት። በአቅም መሥራት ማለት ይኸው ነው። የእሷ ነበር፤ ግን ልብሷን ሁሉ ይዛ ስለሄደች ባዶውን ነበር የቆመው። ባዶ ቁም ሳጥን አቧራ ከሚጠጣ ለመኪናዋ ቢውል ይሻላል።

ገዢዎቹ ተሸክመውት ሲወጡ እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየች። ታላቄ ናት፤ ከፊት ለፊቴ ባለው ክፍል ልብስ እየሰፋች ትኖራለች፤ ግቢያችን ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ነገር አያመልጣትም።

"የክረምቱንም የበጋውንም ነው ይዛ የሄደችው?" አለችኝ።

"እዚያ አየሩ ይለዋወጣል እትዬ።"

ቁም ሳጥኑን ሲያጋድሙት ከላይኛው መደርደሪያ የሠርግ ቀሚሷ ወደቀ። እሱን ብቻ ነው ትታ የሄደችው። እውነቷን ነው፣ ተራራ ላይ ምን ያደርግላታል? እትዬ ናት በእጇ የሰፋችላት፤ አንስታ አቧራውን አራገፈችለት፤ ወደ ክፍሏም ይዛው ገባች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ቀስ በል ከመግጠማችን በፊት የዘንጉን ዙር ወደ ጎማ የሚያስተላልፉትን ዲፈረንሻሎች ቁጠር አለኝ። ማለት፣ ጎማዎቹን በእጅ እያዞርክ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ትመለከታለህ፤ የፊቱና የኋላው አንድ ካልሆነ ነገሩ አይሠራም። "አስር አስር ጊዜ አዙር፣ ቀስ በል" ብሎኝ ፍሬን እምቢ ያለው ደንበኛ ሊረዳ ሄደ።

ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። የኋላውን አንዴ አዞርኩ፤ ዘንጉ አራት ጊዜ ዞሮ ትንሽ አለፈ። የፊቱን አንዴ አዞርኩ፤ አራት ጊዜ ዞሮ ትንሽ አለፈ። ያም አራት ከምናምን፣ ይኸም አራት ከምናምን። ዝናቡ ደግሞ ተራራው ጋ ደርሶ እየመጣ ነው። አይኔ ያየውን ነገር ዘጠኝ ጊዜ የምደግመው ለማን ብዬ ነው?

ሲመለስ "ቆጠርክ?" አለኝ።

"እኩል ናቸው" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ብየዳ። ዝናብ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ባሌስትራው አልገባም ብሎ በመዶሻ ገባ። አውራ ጣቴ ጠቁሯል። በር ሻጩ ደንበኛዬ ሌላ ፒካፕ ያዘ አሉ። ይያዝ። እሱ በር ነው የሚያጓጉዘው።

እሁድ፣ ሐምሌ 6

ገና ሃሎ ሳልላት "መኪናዋ እንዴት ሆነች?" አለችኝ። ስምንት ዓመት ስለዚህች መኪና አንድ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ግን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ አክስሉን፣ ሳጥኑን፣ ባሌስትራውን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"መቼ የሚያልቅ ይመስልሃል?" አለች።

"ሁለት ሳምንት። ቢበዛ ሦስት።"

"ሦስት" አለች። ከዚያ ልውረድ አለች።

ጓጉታለች። ድምፅዋ ላይ ይታወቃል። ለእትዬ ስነግራት መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች፣ "ላይ ስትደርስ ምን ልትላት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ ነው? መጣሁ ነዋ የምላት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

የጤና ጣቢያውን ሹፌር ነዳጅ ማደያ አገኘሁት። አላየሁትም ብዬ ልዞር ስል ጠራኝ።

"ባለቤትህ ደህና ናት፣ እንዳታስብ። ስቃ ነው የምትውለው። ምሽት ላይ ከነርሶቹ ጋር ካርታ ይጫወታሉ፤ እኔን ራሴን ሁለቴ አሸንፋኛለች።"

ካርታ! አብሬያት ስኖር ካርታ በእጇ ይዛ አይቻት አላውቅም። ደግሞስ እዚያ ተራራ ላይ ምን የሚያስቅ ነገር ተገኘ?

"ትናንት እንኳን ደውላ፣ ጓንት አልቆብናል ጭነህ ና አለችኝ" አለ።

"ከየት ሆና ደወለች? ኔትወርክ የለም አይደል እንዴ?"

ሹፌሩ የነዳጅ ክዳኑን ለመዝጋት ረጅም ጊዜ ወሰደበት። "አንዳንዴ... አንዳንዴ ይመጣል" አለ።

ለሥራ ጉዳይ ሲሆን ይመጣ ይሆናል። ጓንት አልቆባት ምን ታድርግ፣ ጉብታውን ወጥታ ይሆናል። ማክሰኞ ጉብታ አይወጣም የሚል ሕግ የለም። ይህን ያህል ለምን እንደማስብበትም አላውቅም።

አርብ፣ ሐምሌ 18

አወጣናት። ግቢው ጭቃ ላይ ውሃ እንደሚጠጣ ሰው ዝም ብላ ሄደች። ቀስ በል እንኳን ጥርሱ ታየ። እኔ ግን ደስታዬን መያዝ አልችልም፤ አራቱንም እንዳስገባሁ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ቀስ በል ከኋላ እየሮጠ ይጮኻል፤ እኔ የሚያጨበጭብልኝ መስሎኛል።

መታጠፊያው ላይ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከራሷ ጋር ትታገላለች፤ ጎማዎቹ ይጮኻሉ፣ መሪው ከእጄ ይመነጨቃል። ጉልበት በዝቶባት ነው ብዬ ነዳጅ ጨመርኩ። ከሥሬ አንድ ነገር ጓ አለ። ከዚያ ፊትም ኋላም ቀረ። ዳቦ የገዙ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው አዩኝ። አንዱ "ሁለት እግር ሲጨምሩላት የነበሯትንም ረሳች" አለ። ሳቁ። መሳቅ ይገባቸዋል።

እሁድ፣ ሐምሌ 20

አልደወለችም። ጉብታው ላይ እየዘነበ ይሆናል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ቀስ በል አከፋፋዩን ሳጥን ከፈተው። የውስጡ ጥርስ ሁሉ ረግፏል። ጠመኔ አንስቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። የፊቱን ጎማዎች አስር ጊዜ አዙር አለኝ፣ አዞርኩ። "አርባ አንድ" አለ። የኋላውን አስር ጊዜ አዞርኩ። "አርባ ሦስት።"

ጠመኔውን ወረወረው።

"እኩል ናቸው አላልከኝም?"

"ሁለቱም አራት ከምናምን ነበሩ።"

"ምናምኑ ነዋ ጉዱ!" እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። "በአንድ ዙር ምን ይታያል? ለዚህ ነው አስር ያልኩህ። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱን ይችለዋል። ደረቅ መሬት ላይ ግን የፊቱ ልቅደም ይላል፣ የኋላው አልቸኩልም ይላል፤ በአንድ ዘንግ ታስረዋል፣ አይላቀቁም። መሃል ያለው ነው የሚሰበረው።"

ጥፋቱ የኔ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የአስር ዙር ድካም ምን ነበረበት? ሰው አስር ሲለኝ አንዱን ሰምቼ የምነሳ ሰው ነኝ። ሚስቴም አንድ ጊዜ እንዲህ ብላኝ ታውቃለች፦ "ስነግርህ እኮ አትሰማኝም፤ መልስ ነው የምታዘጋጀው።" የዚያን ቀን ስለ ምን ስትነግረኝ እንደነበር ላስታውስ ብል አልመጣልኝም። መልሴን ግን አስታውሰዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ተመልሼ ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። ይስቁብኛል ብዬ ፊቴን አጠንክሬ ነው የገባሁት። አልሳቁም፤ ይህ ደግሞ ባሰኝ።

"የኋላውን ሸጡት አባባ?"

"ብቻውን ማን ይወስደዋል ልጄ?"

እጄ ባዶ ነው። ለአንድ ሳምንት የወደቁ መኪኖች ልፈታላቸው፣ እሳቸውም የኋላውን አክስልና ከሌላ መኪና የወጣ አከፋፋይ ሳጥን ሊሰጡኝ ተስማማን። ዛሬ ስጀምር የዛገ ቡሎን ይዤ ከሰዓቱን ሙሉ ስታገል ዋልኩ። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ይዘው መጥተው አዩኝና፣ "አንተ የማትለቅ ሰው ነህ" አሉኝ። ሙገሳ ይሁን አይሁን አልገባኝም። አመሰግናለሁ አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ልብስ ማስጫው ጀርባ እጄን ስታጠብ እትዬ ለጎረቤት ስታወራ ሰማሁ።

"ያቃተው እኮ መንገዱ አይደለም። ልንገረው ብዬ ስንቴ ተነሳሁ፤ ገና አፌን ስከፍት ስለ ጎማ ያወራኛል።"

"ታዲያ ይድረስና ይየው" አለች ጎረቤቷ።

"እሱ ምን ይሆናል። እኔ ያሳዘነችኝ እሷ ናት።"

መካኒክ አይደለም፣ አጉል ይደክማል ማለቷ ነው። ይሁን፤ ስጨርስ ታየዋለች። ለምን እሷ ታሳዝናታለች? ብቻዋን ስለቀረች ነዋ። ሌላ ምን ይሆናል። ዘይቱ ከእጄ አልለቅ ብሎኛል።

አርብ፣ ነሐሴ 9

አለቀ። የፊቱም የኋላውም ከአንዲት መኪና፣ አርባ አንድ ለአርባ አንድ። እኔ ቆጠርኩ፣ ቀስ በል ቆጠረ፣ ከዚያ ቦታ ተቀያይረን ደገምነው። ጠጠሩ ላይ፣ ጭቃው ላይ ሞከርኳት። ታዛዥ ሆናለች። ቀስ በል፣ "አስፋልት ላይ ስትወጣ የፊቱን አውጣው፣ ሁልጊዜ አራቱንም አታስጨንቅ" ብሎ መከረኝ። እሺ አልኩት። ዛሬ ምንም ቢለኝ እሺ ነኝ።

እሁድ፣ ነሐሴ 11

ደወለች። መኪናዋ ማለቋን አልነገርኳትም፤ ድንገት ከፊቷ ስቆም የምታሳየውን ፊት ማየት እፈልጋለሁ።

"አልሆነችም አይደል?" አለችኝ።

"አልሆነችም። ሳጥኑ ተሰበረ" አልኳት። ውሸት እንኳን አይደለም፣ ተሰብሮ ነበር።

"አይዞህ" አለችኝ። "ለፋህ እኮ። እንኳንም ዳገቱ ላይ አልሆነ።" ከሄደች ወዲህ እንዲህ ለስልሳ አናግራኝ አታውቅም። በረደኝ አላለች፣ ልውረድ አላለች። መንታ ስላዋለደቻት ሴት አጫወተችኝ፤ ሁለተኛው ልጅ መምጣቱን ማንም ሳያውቅ እንዴት ብቅ እንዳለ፣ አባትየው እንዴት በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በመሃል አንድ ጊዜ፣ "እንዲህ ስናወራ ደስ ይለኛል" አለችኝ።

እስከ መጪው እሁድ እንዴት እንደምቆይ አላውቅም።

እሁድ፣ ነሐሴ 18

ደረስኩ። ደርሼም ተመለስኩ። የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው፤ አለዚያ ነገ ሌላ ነገር ነበር ብዬ ራሴን አሳምናለሁ።

ወንዙ በሩ ግማሽ ድረስ መጣ፤ አለፍኩት። ሳሙናው ዳገት ሥር ቆሜ አራቱንም አስገባሁ። የፊቶቹ ጎማዎች ጭቃውን ነክሰው ሲይዙ በመሪው በኩል እጄ ላይ ተሰማኝ። ብቻዬን ጋቢና ውስጥ ጮህኩ። ያ ሁሉ የተፈታ ቡሎን፣ ያ የጠቆረ ጣት፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ሁሉም ለዚያች ደቂቃ ነበር፤ ደቂቃዋም አላሳፈረችኝም።

ጤና ጣቢያው ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። እሷ ከሁለት ነርሶች ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣ በእጇ እያሳየች የሆነ ነገር ታወራለች። ሳቋ እስከ ታች ይሰማል። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው፤ እያየሁት ጠራ፣ አንስታ ሁለት ቃል ተናግራ ዘጋችው፣ እዚያው በተቀመጠችበት። ከዚያ የመኪናዬን ድምፅ ሰማች። ዞራ ሳታየኝ በፊት ነው ሳቋ የቆመው።

ነርሶቹ ተነስተው ገቡ። እሷ ወረደች። መኪናዋን ዞረቻት፤ ጎንበስ ብላ የፊቱን ሥር አየች።

"እነዚህም ይጎትታሉ?"

"አራቱም!" አልኳት። "ማን የሠራት መሰለሽ!"

"አልሆነችም ብለኸኝ ነበር እኮ።"

"ላስደንቅሽ ብዬ ነው።"

"አስደነገጥከኝ" አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ብርድ ልብሱን አምጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። አወረደችና አጣጥፋ አጠገቧ አስቀመጠችው።

ለወሬ ያህል፣ "እዚህ ሰው የማይደርስበት ቦታ የመደበሽ ማን ይሆን?" አልኳት።

"ማንም አልመደበኝም" አለች። "የት መሄድ ትፈልጊያለሽ አሉኝ። ክረምት መኪና የማይገባው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኩ። ይሄን ነገሩኝ።"

አልገባኝም ማለት ፈለግኩ። ገብቶኛል።

"ከእኔ ሽሽት ነው?"

"አንድ ቀን ሥራዬ ቅርብ ነው፣ ዛሬ በእግሬ ልምጣ አልኩህ፤ እሺ አልከኝ። ደስ ብሎኝ እየተራመድኩ ዞር ስል፣ በእግሬ ልክ ከኋላዬ እየነዳህ ነበር፣ መብራትህን አብርተህ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። ቤት ስንገባ ደከመሽ ወይ አልከኝ።"

"ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ሁሉም ለእኔ ተብሎ ነው። ጠልቼህ አልመጣሁም። ባለፈው እሁድ ስናወራ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር አላወቅክም? መምጣት የማትችል ስትሆን እወድሃለሁ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ሆኗል።"

መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜም አለኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደምንም ብዬ ዋጥኩት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ከባዱ ሥራ ያ ነበር፤ የፊት አክስል ከመግጠም ይከብዳል።

"እና አሁን ምን ይሁን?" አልኳት።

"አሁን ሳይዘንብ ትወርዳለህ። እሁድ እሁድ እደውልልሃለሁ። ተነስተህ ከመጣህ ግን ከዚህ የባሰ መንገድ ያለው ቦታ እጠይቃለሁ። የባሰ አይጠፋም።"

ብርድ ልብሱን መልሳ ሰጠችኝ። ስወርድ መኪናዋ አንድም ቦታ አልተንሸራተተችም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ቀስ በል የአዲሱን ሳጥን ዘይት ልየው ብሎ ጠራኝ። ወሰድኳት። ከሥሯ ገብቶ፣ "እንዴት ናት?" አለኝ።

"የትም ትደርሳለች" አልኩት።

ላይ ምን እንደገጠመኝ አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ዘይቱን አይቶ ሲወጣ፣ "ከሳሙናው የባሰ መንገድ ቢሆን ምን ይጨመርላታል?" አልኩት።

"የባሰ ከሆነ ዊንች ነው። ከፊቷ ታስረዋለህ፤ ገመዱን ዛፍ ላይ ታደርግና ራሷን ትጎትታለች። ቀጥ ያለ ገደል ካልሆነ የሚያቆማት የለም።"

ሽማግሌው ግቢ ጥግ ላይ፣ ከተቃጠለችው የጭነት መኪና አፍንጫ ሥር፣ አንድ ዊንች አይቻለሁ። አራት ቡሎን ነው የያዘው። እሱን ለማግኘት ስንት መኪና ልፈታላቸው እንደሚገባ ማሰላት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ነው ምን እያሰብኩ እንደሆነ የታወቀኝ።

የመኪናዋን ቁልፍ አውጥቼ መሣሪያ ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩ።

"ያዝልኝ" አልኩት። "ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።"

የተለመደችውን ቃሉን ሊናገር አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ተዋት። ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተው።

ወደ ማታ ደውዬ ለመንኩት። አልሰጠኝም።